ዝም ብሎ መሰናበት፦ ትልቅነት ነው ወይስ ጥሎ መሄድ?

የዴራው፦
ሰላም ለቤቱ። ዛሬ ኳስ አይደለም፣ ክሪኬት ነው። ሳትስቁ አንብቡልኝ። ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ ከአራት ሕንዶች ጋር አንድ ክፍል ነው የምኖረው፤ ወደድኩም ጠላሁም ጨዋታውን ተምሬዋለሁ። ትናንት ማታ የማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ነገር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። ለማያውቀው፦ የሕንድ አምበል ነበር። በ2007 የትዌንቲ ትዌንቲ (አጭሩ ጨዋታ ማለት ነው) የዓለም ዋንጫን፣ በ2011 ዋናውን የዓለም ዋንጫ፣ በ2013 ቻምፒየንስ ትሮፊን አንሥቷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ክርክራችን ግን ስለ ዋንጫው አይደለም፣ ስለ አወጣጡ ነው። ዲሴምበር 2014፣ ሜልቦርን። ሕንድ ከአውስትራሊያ ጋር አራት ቴስት (አምስት ቀን የሚፈጀው ረጅሙ ጨዋታ) ትጫወታለች፣ ሦስተኛው አቻ አልቋል፣ አንድ ይቀራል። ሰውየው ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ስለ ግጥሚያው አውርቶ ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ የክሪኬት ቦርዱ «ዶኒ ከቴስት ተሰናብቷል» ብሎ መግለጫ ያወጣል። 90 ቴስት የተጫወተ ሰው! ከቀረው የአገሩ ቡድን ጨዋታ የተሰናበተውም በ2020፣ በሕንድ የነጻነት ቀን፣ ኢንስታግራም ላይ በሁለት መስመር ነው፤ አመሰግናለሁ፣ ከምሽቱ 1፡29 ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ፣ ቻው። የመሰናበቻ ግጥሚያ የለም፣ እንባ የለም፣ ኬክ የለም። እኔ ይሄ ትልቅነት ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ኳስ ሜዳ፦
ወንድሜ ይሄማ ጥሎ መጥፋት ነው። አንድ ግጥሚያ እየቀረ አምበል ይሄዳል? አትሸፋፍን፣ እነሱ እኮ ያን ጊዜ 2 ለ 0 ተመርተው ነበር። መርከቡ ውኃ ሲያስገባ ካፒቴኑ ወረደ ማለት ነው።

የዴራው፦
ተከታታዩ ውድድር እኮ ሜልቦርን ላይ ተበልቶ አልቋል። ሲድኒ ለክብር ብቻ ነበር። ደግሞ የመጀመሪያውን ግጥሚያ አውራ ጣቱን ታሞ ቪራት ኮህሊ ነው በአምበልነት የመራለት። ወራሹ እዚያው ነበር፣ ሜዳ አልተወም።

ሎጂኩ፦
እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «አይደነግጤው አምበል» እያላችሁ ከእርጋታው የሕይወት ትምህርት ታወጡለታላችሁ። የ2007ን ፍጻሜ እንይ፣ ጆሃንስበርግ፣ ከፓኪስታን ጋር። በመጨረሻዎቹ ስድስት ኳሶች ፓኪስታን 13 ነጥብ ያስፈልጋታል። ልምድ ያለው ሃርባጃን እያለ ዶኒ ኳሱን ብዙ ሰው ለማያውቀው ለጆጊንደር ሻርማ ሰጠ። ልጁ የመጀመሪያዋን ከመስመር ውጪ ወረወረ፣ ነጻ ነጥብ። ቀጥሎ አንዷ ያለ ነጥብ አለፈች፣ ከዚያ የፓኪስታኑ ሚስባህ በአየር አሳልፎ ስድስት ነጥብ መታበት። አራት ኳስ ቀርቶ ስድስት ነጥብ ነው የሚፈለገው፣ ያለቀለት ነገር ነው። ከዚያ ሚስባህ ወደ ኋላ ልቆልምም ብሎ ኳሷ ሳትወድቅ ሕንዳዊው ስሪሳንት እጅ ገባች፤ እንዲህ ሲያዝ መቺው ይወጣል፣ ፓኪስታንም ሌላ መቺ አልቀራትም። ሕንድ በ5 ነጥብ አሸነፈች። ያቺ ኳስ አንድ ሜትር አልፋ ብትወድቅ ዛሬ «በፍጻሜ ለጀማሪ ኳስ የሰጠው ሞኝ» ነበር የምትሉት። ሲሳካ ጥበብ፣ ሳይሳካ ድፍረት። ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ዕጣ ነው።

የዴራው፦
ዕጣ አንድ ጊዜ ይወጣል። በ2011ስ? ሙምባይ፣ ዋንኬዴ ስታዲየም፣ ከስሪ ላንካ ጋር። 275 ነጥብ አሳድደው መድረስ አለባቸው። ያን ውድድር ሙሉ በምት እዚህ ግባ የሚባል ነገር ያላሳየው ዶኒ፣ በውድድሩ ሲያብረቀርቅ የከረመውን ዩቭራጅ ሲንግን አስቀምጦ ራሱ ቀድሞ ገባ። ቢወድቅ አገሩ መግባት አይችልም ነበር። 91 አስቆጥሮ ሳይወጣ፣ የመጨረሻዋን ኳስ ሕዝቡ መሀል ልኮ ጨረሰው። ለሌላው አደራ ከመስጠት ራስን እሳት ውስጥ መክተት ይከብዳል፣ ይሄን እንኳ አትነፍገውም።

ሎጂኩ፦
አልነፍገውም። ግን ያን ቀን ጋውታም ጋምቢር 97 እንዳስቆጠረ ስንቱ ያስታውሳል? ራሱ ጋምቢር ዋንጫው የቡድኑ ሁሉ እንጂ የአንድ ምት አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ከዚያ ዋንጫ በኋላም ይሄው አምበል ቡድኑን እንግሊዝ ወስዶ 4 ለ 0፣ አውስትራሊያ ወስዶ 4 ለ 0 አስበላ። ስለዚያኛው እርጋታ ግን ማንም አይጽፍም።

መምህርት፦
ልጆች፣ እኔ ክሪኬት አላውቅም፤ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበር፣ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያብድ ከማየት በቀር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ሰው አምበልነቱን ከተወ በኋላ የት ሄደ?

የዴራው፦
ጥሩ አመጡ፣ እትዬ። የትም አልሄደም። ጃንዋሪ 2017 የአጫጭሮቹንም ጨዋታዎች አምበልነት ለኮህሊ ለቀቀና እዚያው ቡድን ውስጥ ተራ ተጫዋች ሆኖ ሁለት ዓመት ተኩል ቆየ። ከዊኬቱ (ከመቺው ኋላ ከተተከሉት እንጨቶች) ጀርባ ቆሞ ለወጣቱ አምበል የሜዳውን አሰላለፍ ያመላክተው ነበር። ዓለም ሲያየው የነበረ ነው።

መምህርት፦
እንግዲህ ለእኔ ወሬው ይሄ ነው። አወጣጡን ተዉት። የቀድሞ ርዕሰ መምህር ወደ ክፍል ተመልሶ ጠመኔ ሲይዝ አይታችኋል? በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ሌላው ወይ ዝውውር ይጠይቃል ወይ ኮሪደር ላይ ቆሞ አዲሱን ያማል። ትናንት «እሺ ጌታዬ» ይልህ የነበረን ልጅ ዛሬ «እሺ» ማለት፣ ያውም በዓለም ፊት፣ ከዋንጫ ይከብዳል።

ኳስ ሜዳ፦
መምህር አከብርዎታለሁ፣ ግን ይሄ ሰው ያን ያህል ዝምተኛ ቅዱስ አይደለም። ዝምታው ራሱ አንዳንዴ ጥፋት ነው። በ2013 አይፒኤል በሚሉት የሕንድ ሊግ የውርርድ ቅሌት ሲፈነዳ ከራሱ ክለብ ከቼናይ አለቆች አንዱ እጁ ተገኘበት፣ ክለቡም በኋላ ሁለት ዓመት ታገደ። ዶኒ ያኔ የአገሩም የክለቡም አምበል ነው። ጋዜጠኞች ሲጠይቁት ምን አደረገ? ፈገግ ብሎ ዝም። እዚህ ላይ ሕዝብ መልስ ይገባዋል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል እንጂ፣ አንዳንዱ ዝምታ ከውስጥ ይነቅዛል።

የዴራው፦
እዚያ ላይ መከላከያ የለኝም። ትክክል ነህ።

ማራቶን፦
ዝምታ መዘዝ አለው ካልን ግን ቶሎ ማውራትም ጣጣ አለው። ኃይሌ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋርጦ፣ እዚያው በቃኝ አለ። አገር አለቀሰ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ፣ እስከ 2015 ሮጠ። አልፈርድበትም፣ በትኩሱ ሰው ብዙ ይላል። ዶኒ ደግሞ በ2019 በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ በኒው ዚላንድ ሲሸነፉ በጠባቡ ተቀድሞ፣ በሩጫ ተቃጥሎ (መስመሩ ላይ ሳይደርስ ኳሷ ቀድማው ማለት ነው) ወጣ። (የመጀመሪያ ጨዋታውም በ2004 እንዲሁ በሩጫ ተቃጥሎ፣ ያውም በዜሮ ነው ያለቀው። አይገርምም?) ያን ቀን ምንም አላለም። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተናገረው።

ኳስ ሜዳ፦
ያን ሁሉ ጊዜ ግን መራጮቹ ይመጣል አይመጣም እያሉ አንገታቸውን ቀልሰው ጠበቁት። እሱ በእርጋታው ሲያስብ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ መቆም ነበረበት። እኔ የምሠራበት ጋራዥ አንድ ፎርማን ነበር፣ ስሙ ይቅር፣ እንዲሁ «እያሰብኩበት ነው» እያለ ስድስት ወር አንጠልጥሎን አንድ ሰኞ ጠዋት ቀረ። የመሣሪያ ሳጥኑ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሄደ። ቁልፉን እንኳ አስረክብ!

ሎጂኩ፦
😂 የቁልፉ ነገር ጥሩ መጣ። እስቲ የዴራው፣ የ2022ን ንገራቸው። ክለቡ ላይ ለጃዴጃ ያስረከበውን።

የዴራው፦
እሺ፣ ይሄን ደብቄ ነበር። ሊጉ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የቼናይን አምበልነት ለራቪንድራ ጃዴጃ አስረከበ። ጃዴጃ ከስምንት ግጥሚያ ሁለቱን ብቻ አሸነፈ። ከወር ትንሽ አልፎ አምበልነቱ ወደ ዶኒ ተመለሰ። በሁለት ቀን ዝግጅት ማስረከብ፣ ከዚያ መልሶ መውሰድ... ልጁን ማሳፈር ነው። በ2025 ደግሞ፣ በ43 ዓመቱ፣ አዲሱ አምበል ጋይክዋድ ሲጎዳ እንደገና ያዘው፤ ክለቡ የመጨረሻ ወጣ።

ሎጂኩ፦
ይኸውልህ! ቁልፉን አስረክቦ መለዋወጫው ኪሱ ነው።

መምህርት፦
ከአገሩ ቡድን ሲወርድ የተዋጣለት፣ ከክለቡ ያቃተው ለምን ይሆን? ክለቡን ቤቱ አድርጎት ነው መሰለኝ። ከራስ ቤት መውጣት ይከብዳል።

የዴራው፦
እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኮህሊ በ2022 የቴስት አምበልነቱን ሲለቅ፣ አብረውት ከተጫወቱት መካከል በግሉ መልእክት የላከለት ዶኒ ብቻ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ቁጥሩ ያላቸው ብዙ ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ምክር ሲሰጡት ነበር፣ የጻፈለት ግን አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ዝምታው ለካሜራ እንጂ ለሰው አይደለም። እዚህ ላይ አልለቅም።

ኳስ ሜዳ፦
ለኮህሊ ጻፈ። ለጃዴጃስ?

የዴራው፦
እሱን አላውቅም። አብሮኝ የሚኖረው የቼናይ ልጅ ከሥራ ሲገባ እጠይቀዋለሁ። ግን የዶኒን 7 ቁጥር ማሊያ አልጋው ራስጌ ሰቅሎ ነው የሚተኛው፣ እውነቱን የሚነግረኝ አይመስለኝም።