የኢንደስ ሸለቆ ሰዎች ንጉሳቸው ማን ነበር? ወንድሜ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሹ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው፣ ማታ ማታ ታሪክ ሲያጠና አብሬው እቀመጣለሁ፣ ግብፅን ጨርሰን ሜሶፖታሚያን ጨርሰን ኢንደስ ሸለቆ (የዛሬው ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ህንድ) ላይ ስንደርስ «እነዚህስ ንጉሳቸው ማን ነበር?» አለኝና ዝም አልኩ። መፅሐፉን ባገላብጥ የለም፣ ዩቲዩብ ላይ ብፈልግም ሀራፓ ሞሄንጆዳሮ እያለ ከተሞቻቸውን ይጠራል እንጂ የንጉስ ስም የሚባል ነገር የለም። እኛ እኮ ታሪክ ስንማር እገሌ ነገሰ፣ እገሌ ተተካ እያልን ነው ያደግነው። ያን የሚያህል ከተማ የሰራ ህዝብ እንዴት አንድ ስም እንኳን አይተውም? ደግሞ ቪዲዮው ላይ ቦያቸው ከ4000 አመት በኋላ ጡቡ እንደተደረደረ ነው፣ እኛ ሰፈር ሐምሌ ሲገባ ዲቹ በፌስታል ይደፈንና ውሃው በራችን ድረስ ይመጣል፣ እማዬ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ሞልታ ደጃፉ ላይ ትደረድራለች። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፣ ልጁ ዛሬ ማታም መጠየቁ አይቀርም።

መምህር ከአባይ ማዶ፦
ልጄ፣ ወንድምሽን ጎበዝ በይልኝ። እውነቱን ንገሪው፣ የአንድም ንጉስ ስም አይታወቅም። ሞሄንጆዳሮ ላይ የተገኘች 17 ሴንቲ ተኩል የምትሆን የባለ ጢም ሰው ምስል አለች፣ «ካህኑ ንጉስ» ይሏታል፣ ግን ይሄ የቆፋሪዎቹ ስያሜ ነው። ቤተ መንግስት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም ህንፃ የለም፣ እንደ ፒራሚድ ያለ መቃብርም አልተገኘም። የተገኘው ቤት ነው፣ የውሃ ጉድጓድ ነው፣ መታጠቢያ ነው፣ ቦይ ነው። ከተሞቹ ያበቡት በግምት ከ2600 እስከ 1900 ቅ.ል.ክ ነው፣ በዚያ ዘመን ጡባቸው ቁመቱ 7፣ ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 28 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ማለትም 1 ለ 2 ለ 4፣ ይሄ ልክ ሀራፓም ሞሄንጆዳሮም ላይ አንድ ነው፣ በመሀከላቸው ስንት መቶ ኪሎሜትር እያለ! የሚዛን ድንጋያቸውም እንደዚሁ፣ አንዱ የፊተኛው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ታላቁ መታጠቢያ የሚባለው 12 ሜትር በ7 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ 2.4፣ ውሃ እንዳያሰርግ በሬንጅ ተለብጧል። አዎ በሬንጅ!

ስለ ቦዩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የየቤቱ ፍሳሽ ግድግዳውን አልፎ መንገድ ላይ ወዳለው ቦይ ይወርዳል፣ ቦዩ በጡብ ወይ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል፣ በየመሀሉም ዝቃጩ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ። ያ ጉድጓድ ካልተጠረገ ሁለት ክረምት አይሻገርም። ስለዚህ የሚጠርግ ሰው ነበረ፣ የሚያዘውም ነበረ፣ የሚከፍለውም ነበረ። እኔ 30 አመት ሳስተምር ከነገስታቱ ሁሉ ይልቅ ያ ጠራጊ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።

ፖሊ ሲቪል፦
መምህር እናመሰግናለን። ስልጣኔው እንዲህ ተረስቶ መቆየቱን ሳስብ እኔን ያበገነኝ ነገር፣ እንግሊዞች በ1850ዎቹ ከላሆር ሙልታን የባቡር ሀዲድ ሲዘረጉ ኮንትራክተሮቹ ሀራፓ ላይ የተከመረ ጡብ አገኙና እየጫኑ ሀዲዱ ስር አነጠፉት፣ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም። ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ 1921 ሀራፓ ላይ በዳያ ራም ሳህኒ ነው፣ በአመቱ ሞሄንጆዳሮ ላይ ራካልዳስ ባነርጂ ቀጠለ፣ የህንድ አርኪዮሎጂ መስሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ጆን ማርሻል ለአለም ያሳወቀው 1924 ነው። ከዛ በፊት እንዲህ አይነት ስልጣኔ እንደነበረ እንኳን አይታወቅም ነበር።

ስም ያጣነው ደግሞ ፅሁፉ ስላልተነበበ ነው። 400 ገደማ ምልክት አለው፣ አብዛኛው የተፃፈው ከኮት ቁልፍ ብዙም የማትበልጥ የድንጋይ ማህተም ላይ ነው፣ በአማካይ 5 ምልክት ብቻ። የንጉሱ ስም እዛ ላይ ተፅፎ እያየነው ሊሆን ይችላል እኮ!!

የፎገራ ልጅ፦
እህቴ ወንድምሽን ቅዳሜ ከብት ገበያ ውሰጂው፣ የምሬን ነው። ሻኛ ያለው ከብት መጀመሪያ የተላመደው እዛው ኢንደስ አካባቢ ነው፣ ከዛ ነው በኋለኛው ዘመን ወደ አፍሪካ የተሻገረው፣ የኛ የፎገራ ከብት ውስጥም ያ ደም አለ። ማህተማቸው ላይ የተቀረፀውን ኮርማ ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳየው ሻኛው ቀጥ ብሎ፣ የአንገቱ ቆዳ እጥፍ እጥፍ እያለ እስከ ጉልበቱ ወርዶ፣ አባቴን ጠርቼ አሳየሁት፣ «ይሄ የማን በሬ ነው?» አለኝ። ከኛ ወገን ደግሞ ዳጉሳ ከምስራቅ አፍሪካ ደጋ ወደ ህንድ ተሻግሯል፣ ራጊ ይሉታል፣ እስከዛሬ ይበሉታል።

ጊዮን ዳር፦
ጥሩ ብላችኋል ግን ሁላችሁም ህንድ ሄዳችሁ ቀራችሁ። ከጣና የወጣው ውሃ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ተገናኝቶ ሲወርድ ሶስተኛው የናይል ፏፏቴ አጠገብ ከርማ የሚባል የጥንት ከተማ አለ፣ ከ2500 ቅ.ል.ክ ገደማ ጀምሮ ወደ 1000 አመት የቆየ፣ ዴፉፋ የሚባለው የጭቃ ጡብ ቤተ መቅደሳቸው እስከዛሬ ቆሟል። አንድ መቃብር ዙሪያ ብቻ ከ4000 በላይ የከብት ራስ ቅል ተደርድሮ ተገኝቷል። ይሄንንም ንገሪው፣ የራሱ ወንዝ ነው።

መምህር ከአባይ ማዶ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ ደግሞም ነገሩ ይገናኛል። ከ2200 ቅ.ል.ክ ወዲህ የክረምት ዝናብ ሳሳ፣ የህንዱም የእኛም። የእኛ ሲሳሳ አባይ አነሰ፣ የግብፅ ጥንታዊ መንግስት የተናጋውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ብዙ ተመራማሪዎች ያያይዙታል። የኢንደስ ሰዎች በአንድ ቀን አላለቁም፣ ከተማውን ትተው ዝናብ ወዳለበት ወደ ምስራቅ ሄደው በየመንደሩ ተበተኑ። ከተማው ሲቀር ማህተሙም ፅሁፉም ቀረ።

አንድ ተስፋ ግን አለ። ሜሶፖታሚያዎች «መሉሃ» የሚሉት አገር ብዙዎች ኢንደስ ነው ይላሉ፣ የመሉሃ ቋንቋ አስተርጓሚ የነበረ ሹኢሊሹ የሚባል ሰው ማህተም ተገኝቶ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም አለ። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። በሁለቱም የፃፈው አንድ ሸክላ ከተገኘ የወንድምሽ ጥያቄ ይመለሳል።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፣ ሁላችሁንም። ሙሉውን አነበብኩለት። ንጉሱን ረስቶታል፣ ስለ ጠራጊው ሶስቴ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ማስመሪያውን ይዞ ጓሮ ወጣና ከጭቃ 7 በ14 በ28 አድርጎ አራት ጡብ ሰራ፣ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው ሶስቱ ተሰነጠቁ። እማዬ አይታ «ጭድ ቀላቅልበት እንጂ» አለችው፣ አሁን ጎረቤት ጭድ ሊለምን ሄዷል።