ላፕቶፑ ሲከፈት ኪቦርዱ አይሰራም፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን ይሰራል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ ነው። ዘግቼው ቆይቼ ስከፍተው ፓስወርድ መጻፊያው ላይ ኪቦርዱ ጭራሽ አይጽፍም። ታችፓዱ ይሰራል፤ በእሱ ሪስታርት ሳደርገው አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። የዩኤስቢ ኪቦርድም ስሰካበት ይጽፋል። ኪቦርዱን ልቀይረው ወይስ የሶፍትዌር ችግር ነው?

መልስ፦ ለመቀየር አትቸኩል። ምናልባት ፊልተር ኪይስ በርቶ ይሆናል። የቀኙ ሺፍት 8 ሰከንድ ከተያዘ ሊበራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ የተነካ ቁልፍ አይቆጠርም። መግቢያው ገጽ ላይ በቀኝ በኩል ከታች ካለው ምልክት ገብተህ አጥፋው።

መልስ፦ ፊልተር ኪይስ ቢሆን ኖሮ የዩኤስቢውም አይጽፍም ነበር፤ ለሁሉም ኪቦርድ ነው የሚሰራው። ፍንጩ ያለው ሪስታርቱ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ሻት ዳውን ሲባል ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከርነሉንና (የዊንዶውስን እምብርት) ድራይቨሮቹን (ኪቦርድን የመሳሰሉ ዕቃዎችን የሚያሰሩትን ፕሮግራሞች) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲከፈት እንዳሉ ይመልሳቸዋል። የኪቦርዱ ድራይቨር በትክክል ካልነቃ እንዲህ ዝም ይላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጭናል።

ለማረጋገጥ ሺፍትን ይዘህ ሻት ዳውን በል፤ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ስትከፍተው ከሰራ፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ግባ። በግራ በኩል የፓወር በተን ሥራ የሚመረጥበትን ክፈት። ምርጫዎቹ ደብዝዘው ከታዩህ ከላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ንካና የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሳ።

ካልሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኪቦርድስ ከሚለው ስር የላፕቶፑን ኪቦርድ (ብዙ ጊዜ ፒኤስ 2 የሚለው ነው) አንኢንስቶል አድርገህ ሪስታርት በለው፤ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። የዩኤስቢውን ሳትነቅል ይሁን፤ አለዚያ ፓስወርድ መጻፊያ ታጣለህ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አደረግሁ። በጣም ቀንሷል፣ ግን አልፎ አልፎ ይደግማል። ሲደግም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሰራው የላፕቶፑ ፕሮግራም) ለመግባት ኤፍ 2 ብነካም አይገባም።

መልስ፦ እንግዲያው ነገሩ ከዊንዶውስ ወጣ። ባዮስ የዊንዶውስን ድራይቨር አይጠቀምም፤ እዚያም ካልሰራ ወይ ኪቦርዱን የሚቆጣጠረው ቺፕ ነው ወይ ገመዱ። ቀላሉን አስቀድም፦ ላፕቶፑን ዝጋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጣው፣ የፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተህ ክፈት።

ከደገመ ገመዱን ፈትሽ። ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ንቀል። ከኪቦርዱ የሚመጣው ስስ ጠፍጣፋ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለው። አብዛኛው በጥፍር ወደ ላይ ይነሳል፣ አንዳንዱ ግን ወደ ውጭ የሚሳብ ነው፤ አይተህ ጀምር። ሳትከፍተው ገመዱን ከጎተትክ መቆለፊያው ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ አዲስ ኪቦርድም አያድንህም። ጫፉ ከቆሸሸ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው፣ ይድረቅ፣ ቀጥ አድርገህ እስከ መጨረሻው አስገባና ቆልፍ። ትንሽ ካዘነበለ ከፊሉ ቁልፍ ብቻ ነው የሚጽፈው።

መልስ፦ አንድ ልጨምር፦ ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ካለም ሲነሳ ኪቦርዱን ሊያውክ ይችላል፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ጲጵ እያለ ያስጠነቅቃል። ገመዱን ከመፍታትህ በፊት እያንዳንዱ ቁልፍ ተጭኖ መመለሱን እይ። መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ በሞዴል ቁጥሩ ፈልግ፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ስለተጣበቀ አብሮ ነው የሚቀየረው።