እህቴ «ሳይኮሎጂ» ትላለች፣ አባታችን «አይሆንም» ይላል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጠባሴ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለሰሜን ሸዋ ልጆች። ታናሽ እህቴ ፍሬሽማን ጨርሳለች፣ ዲፓርትመንት መምረጫው ደርሷል። እሷ ሳይኮሎጂ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አባታችን ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ የሰው ብሶት ልታዳምጪ? ያንንማ የንስሐ አባትም ይሰማል» ይላታል። እሱ የሚፈልገው አካውንቲንግ ወይም ሕግ ነው። ሰሞኑን እኛ ቤት ቡና እንኳ በሰላም አልተጠጣም። ሳይኮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ መማር ያዋጣል ወይ?

የመሐል ሜዳው፦ ወንድሜ፣ እኔ ተምሬዋለሁ፣ ስለዚህ አልዋሽህም። የመውጫ ፈተናውንም (ኤግዚት) በመጀመሪያው አልፌዋለሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የምሠራው ግን አጎቴ ሱቅ ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ «ሳይኮሎጂ፣ ሶሺዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተመሳሳይ» ይላል። ያ «ተመሳሳይ» የሚሉት ነገር ነው የጎዳን። አካውንቲንግ የተማረው ጓደኛዬ ቢያንስ ለእሱ ሙያ ብቻ የሚወጣ ቦታ አለው። አባትህ እውነታቸውን ነው።

ሲስተር ከሸዋሮቢት፦ እኔም አልደግፍም፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ነርስ ነኝ። ሰው ሳይኮሎጂ ሲባል ሐኪም ይመስለዋል። ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ ነው እዚያ የሚደርሰው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ደግሞ ማስተርስ ይፈልጋል። እህትህ ይህን አውቃ ከሆነ ጥሩ። ግማሽ ዕውቀት ግን ያስፈራኛል። አንዲት እናት ልጇን ለወራት ምክር ስታስወስድ ቆይታ ወደ እኛ ስታመጣው ልጁ ለካ የሚጥል በሽታ ነበረበት። መካሪው ክፉ ሰው አልነበረም፣ የት ማቆም እንዳለበት ግን አላወቀም።

እታለም፦ ሲስተርዬ፣ ልክ ነሽ። ግን እኔም ያየሁትን ልናገር። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ከተፈናቃዮች ጋር ሠርቻለሁ፣ ያለኝ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ማንንም አላከምኩም። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ከመጡ ጀምሮ ቃል አልወጣውም። እናቱ ፃድቃኔ ማርያም ጠበል ልትወስደው አስባ ነበር። ውሰጂው አልኳት፣ ሐኪምም ይየው አልኳት፣ እንደተመለሰ ደግሞ ከሌሎቹ ልጆች ጋር እየመጣ ሥዕል እንዲስል አደረግን፣ ማንም ተናገር አላለውም። በሦስተኛው ሳምንት እየሳለ ሳለ «ላሟስ?» አለ። ጥለዋት የመጡት ላም ናት። ለዚህ ማስተርስ አያስፈልግም። የእኔ ድርሻ የቱ ነው፣ የሐኪሙስ የቱ ነው የሚለውን የለየሁት ግን ተምሬ ነው።

የመሐል ሜዳው፦ እታለም፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ?

እታለም፦ ሲያልቅ እኔም ወጣሁ። ኮንትራቴ አልታደሰም። እሱን አልክድም።

የሞላሌው መምህር፦ ልጆች፣ ስለ ሥራው ብቻ አታውሩ፣ ስለ ትምህርቱም እናውራ። አንደኛ፣ ልጅቷ ከሒሳብ ሸሽታ ከሆነ ትሳሳታለች። ጀርመናዊው ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ላይ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራ ከከፈተ ወዲህ ይህ ሙያ የመለካት ሙያ ነው፣ ስታትስቲክስ አይቀርላትም። ሁለተኛው እኔን የሚያንገበግበኝ ነው። ከ2003 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በታወቁ የአሜሪካ የሳይኮሎጂ መጽሔቶች የወጡ ጥናቶች ተፈትሸው ነበር፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች ሆነው ተገኙ። የእኛ ልጆች ያንን ነው የሚሸመድዱት። አንድ ተማሪ ለመመረቂያው መጠይቅ ይዞ መንዝ መጣ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ። አንዲት እናት ቤት ገብተን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ የመደበት ስሜት ተሰማዎት?» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ዜሮ ብሎ ጻፈ። ልንወጣ ስንል ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። «እሱ ከሞተ ወዲህማ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ እህልም አይወርድልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ዜሮ ነው። ይህን «ባር ባር» ሰምቶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ከየት ይምጣ? ከዚሁ ከእኛው ልጆች መሀል ነው እንጂ።

ሲስተር ከሸዋሮቢት፦ መምህር፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ። እኛም ጋ «ራሴን ያቃጥለኛል» እያሉ የሚመላለሱ አሉ፣ ምርመራው ምንም አያሳይም። ልጅቷ ትማር፣ ግን ከመጀመሪያው ማስተርስን አስባ ትግባ። የተግባር ልምምዱንም ለፊርማ ብላ አትጨርሰው።

የመሐል ሜዳው፦ ማስተርሱን ማን ይከፍላል? እኔ ትምህርቱን አልጠላሁትም፣ መጽሐፎቼ አሁንም ሱቁ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ቤተሰቡ ግን ከምርቃት በኋላ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት ልጅቷን መደገፍ ይችላል ወይ? መጀመሪያ እሱን ተነጋገሩ። የእኛ ቤት አልተነጋገረም ነበር።

የጠባሴ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ የጻፋችሁትን ለአባታችን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የመሐል ሜዳው ያለውን ሲሰማ «አየሽ!» አላት። የእታለምን ሲሰማ ግን ዝም አለ። ስለ ፎርሙ ምንም ሳይል «ላሟ ተገኘች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» ብሎ ወደ መኝታው ሄደ።

እታለም፦ አልተገኘችም በላቸው ጋሼን። ልጁ ግን ትምህርት ቤት ገብቷል።