ክርክር፦ የተከታታይ ገዳይ ታሪክ ለምን ይጥመናል?

ሄኖክ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2022 ኔትፍሊክስ ስለ ጄፍሪ ዳመር ተከታታይ ድራማ ሲያወጣ ግማሹ ግሩፕ በሁለት ሌሊት ጨርሶታል። ሰውዬው ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ሰው የገደለ ነው። ከሟች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ቁስላችን እንደ አዲስ ተነካ ብለው አማረሩ። እኛ ግን አየነው። ለምን?

ቤዛ፦ አይቻለሁ፣ አላፍርም። እናቴ የፖሊስ ፕሮግራም በሬዲዮ ሲመጣ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ድምፁን ትጨምር ነበር፣ ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ። ሲያልቅ ተነስታ የበሩን መቀርቀሪያ ታያለች። ደም አምሯት አይደለም፤ ሰው እንዴት እንደሚታለል ለማወቅ ነው።

ዳዊት፦ ኧረ ቤዚ፣ ሰበብ አትፈልጊ! ፈንዲሻ ይዘሽ እኮ ነው ያየሽው።

ቤዛ፦ ፈንዲሻውን አልክድም። ግን በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ በተለይ ተጠቂዋ ያመለጠችበት ዘዴ ያለበትን። አንተ ማታ ታክሲ ስትይዝ የታርጋ ቁጥር ለጓደኛህ ልከህ ታውቃለህ?

ዳዊት፦ አላውቅም። እሺ፣ ይቺን ረታሽኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ እኛም እሳት ዳር እግራችንን ሰብስበን የጅብ ተረት ድገሙልን እንል ነበር። ፍርሃት ቤት ውስጥ ሲሆን ይጣፍጣል። ግን የኛ ተረት ጅብ ሞኝ ነው፣ መጨረሻ ላይ መሳቂያ ይሆናል። የእናንተ ጅብ ግን መልከ መልካም ተዋናይ ይመረጥለታል። ሌላው አሜሪካዊ ተከታታይ ገዳይ ቴድ ባንዲ በ1979 ማያሚ ሲዳኝ ችሎቱ በቴሌቪዥን ታየ። ዳኛው ሞት ፈርደውበት ሲያበቁ ጥሩ ጠበቃ ይወጣህ ነበር አሉት! የተፈረደበት ሁለት ሴቶችን ገድሎ ነው። የእነሱን ስም ከናንተ ማን ያውቃል?

ዳዊት፦ እኔ የባንዲን የመኪና ዓይነት ሳይቀር አውቃለሁ። የእነሱን ስም ግን አላውቅም ጋሼ።

ሰላም፦ እኔ ከሜሪላንድ ነኝ፣ የሌሊት ሥራ ላይ ፖድካስት የምሰማ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ጥፋቱ ታሪኩን መስማታችን ላይ አይደለም። ግንቦት 1991፣ ሚልዋኪ፣ ዳመር የሚኖርባት የአሜሪካ ከተማ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከላኦስ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ ከዳመር ቤት ራቁቱን ደንዝዞ መንገድ ላይ ወጣ። ሁለት ጥቁር ወጣት ሴቶች አገኙትና ፖሊስ ጠሩ። ዳመር መጥቶ ፍቅረኛዬ ነው፣ ዕድሜውም ደርሷል፣ ጠጥቶ ነው አለ። ፖሊሶቹ የሴቶቹን ጩኸት ከምንም ሳይቆጥሩ ልጁን መልሰው ሰጡት። የአንዷ እናት ግሌንዳ ክሊቭላንድ ደጋግማ ስልክ ደወለች። እርግጠኞች ናችሁ? ልጅ አይደለም ወይ? ትልቅ ሰው ነው አሏት። ልጁ ወዲያው ተገደለ። ዳመር ሐምሌ ላይ እስኪያዝ ሌላ 4 ሰው ጨመረ። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ጭራቁ አይደለም፤ ስልኩን አንስቶ ያልሰማው ነው። ደዋይዋ ነጭ ብትሆንስ እያልኩ እስኪነጋ እብሰለሰላለሁ።

ሄኖክ፦ ድራማው እሷን የግድግዳ ጎረቤቱ አድርጓታል። በእውነቱ የምትኖረው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ዳዊት፦ አየሽ ሰላም፣ ያቺን ሴትም ለገበያ ቆራርጠው ሰፏት። እኔ የምለው ገንዘቡን ነው። በ1996 የዳመር ዕቃ ለጨረታ ሊወጣ ነበር፣ የሟቾችን አካል ያስቀመጠበት ፍሪጅ ሳይቀር። ገቢው ለሟች ቤተሰቦች ነበር የታሰበው። የከተማው ሰዎች ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተው ዕቃውን ገዙና አስወገዱት። ለቤተሰቦቹም ደረሳቸው፣ ፍሪጁም የማንም ሳሎን አልገባም። ድራማ ሠሪዎቹስ ለማን ሰጡ?

ጋሽ መኮንን፦ ፍሪጁን የሚገዛ ሰው ነበር እንዴ?

ዳዊት፦ ባይኖር ማን ይጨነቅ ነበር ጋሼ።

ቤዛ፦ እኔ ፍሪጅ አልገዛም፣ እንዳታዩኝ። ደግሜ ያየሁት ክፍል 7ን ብቻ ነው፤ የክሊቭላንድን። ፈንዲሻውን ያኔ ጠረጴዛው ላይ ረሳሁት።