ናካታማል ያለ አሳማ ሥጋ ይሆናል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ማያሚ ነው። ባለቤቴ ኒካራጓዊ ነው፣ የሊዮን ከተማ ልጅ። እነሱ ቤት እሁድ ጠዋት ያለ ናካታማል አይነጋም። የበቆሎ ሊጥ፣ ሥጋ፣ ሩዝና ድንች በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል ነው፤ በቡና ይበላል። ሙያው ከአያቱ ለእናቱ የወረደ ነው፤ ልጆቻችንም እንዲለምዱት እፈልጋለሁ። ግን ሥጋውም የአሳማ፣ ሊጡ የሚለወስበት ስብም የአሳማ! እኔ ደግሞ አልበላም። በምን ልተካው? ቅጠሉስ እንዳይቀደድ ምን ላድርግ?

ማሂ፦ በዶሮ ይሠራል እኮ! እዚያው ኒካራጓም የዶሮው የተለመደ ነው። ጭኑን ውሰጂ፣ ደረቱ ይደርቅብሻል። ከማታው በነጭ ሽንኩርት፣ በጨው፣ በኮምጣጣ ብርቱካንና በአቺዮቴ (ምግቡን የሚያቀላው ቅመም) ዘፍዝፊው። ብርቱካኑ ከሌለ ተራውን ብርቱካን ከሎሚ ጋር ጭመቂ። በስቡ ፋንታ ዘይት። የኛን ንጥር ቅቤ ግን አታስቢው፣ ኮረሪማው ሁሉን ይውጠዋል።

ቤቲ፦ አቺዮቴ ከጠፋ በርበሬ ጣል አድርጊበት፣ ቀለሙ ያው ቀይ ነው 😄

ማሂ፦ ኧረ ቤቲ! ሊጡ የሚያቃጥል አይደለም። አቺዮቴ ደግሞ ማያሚ የላቲኖች ሱቅ ሞልቷል።

ጋሽ ደሴ፦ ልጄ፣ ዋናው ዱቄቱ ነው። ተራ የበቆሎ ዱቄት አይያያዝልሽም። በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ የተፈጨውን፣ ማሳ የሚሉትን ግዢ። በዶሮ መረቅ በጥብጠሽ፣ ዘይቱንና የብርቱካኑን ጭማቂ ጨምረሽ፣ እሳት ላይ እንደ ገንፎ አማስዪው። ከድስቱ መላቀቅ ሲጀምር አውጪ።

እትዬ ዘውዴ፦ ቅጠሉ ላይ ሙያው አለሽ፣ ለድፎ ዳቦ ኮባ እንደምናለሰልሰው ነው። እሳት ላይ ሳብ ሳብ አድርጊው፤ ሲያብረቀርቅና ሲተጣጠፍ በቃ። ወፍራሙን ጅማት ከርክሚ። ሁለት ቅጠል መስቀለኛ አነባብሪና ሊጡን ጨልፊበት። ከዚያ ሥጋው፣ ተዘፍዝፎ የቆየ ጥሬ ሩዝ (እዚያው ይበስላል)፣ ክብ ክብ የተከተፈ ድንችና ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ላዩ ላይ ናና። ናናውን አደራ፣ መዓዛው ከሱ ነው። ጠቅልለሽ በሲባጎ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። የፈላ ውሃ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ይቀቀል። ውሃው ሲጎድል የምትጨምሪውም የፈላ ይሁን።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ጋሼ፣ ማሂዬ! ታዲያ ለእሁድ ጠዋት በሌሊት ልነሳ ነው?

እትዬ ዘውዴ፦ ምን በወጣሽ! ቅዳሜ ቀቅለሽ ፍሪጅ አሳድሪው። ጠዋት ከነቅጠሉ በእንፋሎት ታሞቂዋለሽ።