የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥና ደህንነት፦ የጋራ ሐሳባችን 2ኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለቀረ፣ በዚህ ረቂቅ መንግሥትን የምንጠይቀው በሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ያልተዘጉት አንቀጾች ቀረጥ፣ ባትሪና ቻርጀር ናቸው። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ላኩ።

አስመጪ፦
«ቀረጥ ይቀነስልን» የሚለው ይውጣ ባይ ነኝ። ገንዘብ ሚኒስቴር ተገጣጥሞ ለሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ አድርጎ ነው የጀመረው። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ ብቻ 100 በመቶ ነበር። ከዚያ መጥተን አሁን ይቀነስልን ብንል ማን ይሰማናል?

ትራንዚተር፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ይልቅ «በከፊል የተገጣጠመ» ምን ማለት እንደሆነ በክፍል በክፍል ይዘርዘር እንበል። በ20,000 ዶላር ሲአይኤፍ (የመኪናው ዋጋ ከመድንና ከማጓጓዣ ጋር) ላይ 15 በመቶ 3,000፣ 5 በመቶ 1,000 ነው። ለ2,000 ዶላር ሲል ጎማና ባምፐር ፈትቶ የሚመጣ አይጠፋም። ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፤ ደንበኛው ደግሞ እኛን ነው የሚይዘው።

የጋራዥ ባለሙያ፦
ባትሪው ሁለት መስመር ብቻ ማግኘቱ አልገባኝም። «ደህንነቱ የተጠበቀ ይሁን» ስንል በምን ተለክቶ? የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 መለኪያ አለው፦ ለዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ለሚፈሰው) በቮልት ቢያንስ 100 ኦም፣ ኤሲ (እንደ ቤት መብራት አቅጣጫ የሚቀያይረው) እና ዲሲ ለተገናኙበት 500 ኦም ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል እንዳያልፍ የሚያግድ መከላከያ። በ500ው ብንሄድ ለ400 ቮልት መኪና 200 ኪሎ ኦም ይሆናል። የቦሎ ምርመራ የተቀረጸው ለነዳጅ መኪና ነው፤ ጭስ መለኪያው እዚህ ምን ሊሠራ ነው?

አለካኩ ይሄ ነው። የባትሪውን መስመር የሚቆርጠው የሰርቪስ ማቋረጫ ይነቀላል፣ ኤሌክትሪክ አቁረው የሚይዙት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ይጠበቃል፣ ቮልቴጁ መጥፋቱ በሜትር ይረጋገጣል። ከዚያ በብርቱካናማው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብልና በሻንሲው መካከል በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ይለካል። ባትሪው ላይ ግን ሜገር አይደረግም፤ የእሱ በስካነር ይነበባል። ንባቡ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ ኮኔክተር ውስጥ ውሃ ሲገባ፣ ሆዱ በድንጋይ ሲመታ ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲያፈስ ነው።

አስመጪ፦
ይግባ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ መርከብ ላይ ሳይጫን የባትሪው ቀሪ አቅም በስካነር ተነብቦ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ታትሞ ይምጣ። ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ መግዛት ዋጋ ያስከፍላል።

የጋራዥ ባለሙያ፦
መሰኪያውን አትርሱ። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና የቻርጅ መሰኪያው ጂቢቲ፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 የሚባል ዓይነት ነው። ለቤት ኤሲ ቻርጅ ተራ አስማሚ ይበቃል። በፈጣኑ ዲሲ ግን መኪናውና ጣቢያው የሚነጋገሩበት መንገድ ስለሚለያይ ቅርጹ ቢገጥምም አይጀምርም። ስለዚህ አዲስ ጣቢያ ሁለቱንም ይያዝ።

ጸሐፊ፦
የቀረጥ ቅነሳውን ሰርዣለሁ። ጋሼ፣ የልኬቱን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ይጻፉልኝ፤ ትራንዚተራችን የክፍሎቹን ዝርዝር ላክልኝ። ሁለቱ ከደረሱኝ ሰኞ ለፊርማ ይቀርባል።