ማብሪያ ማጥፊያውን ማን ገጠመው?

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ከፒያሳ አራት ኪሎ እስክንደርስ አንዱ አቅራቢ ስለ ቢራቢሮ ያወራል። ደስ ብሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከዛ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የክንፏ መልክ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ነው፣ ሳይንቲስቶች እንደዛ ነው የሚሉት።» አይሉም! ወራጅ አለ ብዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። በአጋጣሚ የሚመጣው ጂኑ ላይ የሚፈጠረው ለውጥ ነው። የትኛው እንደሚቀር የሚመርጠው ግን ወፍ ነው። ወፍ ያየው ይበላል፣ የሳተው ወይም የፈራው ይወልዳል። ይሄ አጋጣሚ ከሆነ የመርካቶ ገበያም አጋጣሚ ነው። ጂኖቹ ደግሞ ብዙዎቹ ማብሪያ ማጥፊያ በሏቸው። አንዱ ሲበራ ክንፉ ላይ ቀይ ይወጣል፣ ሲጠፋ ቀዩ የለም።

እህተ ገብርኤል፦ ማብሪያ ማጥፊያ አልክ ቲቸር? ጥሩ ብለሃል። ማን ገጠመው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሃሃሃ ተያዘ

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ምሳሌ ነው እህቴ።

እህተ ገብርኤል፦ ምሳሌ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ይሄን ስታስረዳ ሰው ከገጠመው ዕቃ ሌላ ምሳሌ አላገኘህም። የኔ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ግድግዳው ላይ በቅሎ አይደለም ያገኘሁት።

ደራራ ኮድ፦ እሺ ምሳሌውን እንተወውና ነገሩን እንይ። በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ሄሊኮኒየስ የሚባሉ ቢራቢሮዎች አሉ፣ ክንፋቸው ላይ ቀይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ኦፕቲክስ የሚባለውን ጂን ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ሰበሩት። ቀይ የነበረው ቦታ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጂኑ ግን ለቢራቢሮ ቀለም ተብሎ የመጣ አይደለም። ዝንብም አላት፣ እሷ ጋ ዓይን ሲሠራ ነው የሚያገለግለው። አዲስ ማብሪያ ማንም አልገጠመም። የድሮው ሽቦ ነው ወደ ሌላ ክፍል የተሳበው።

እህተ ገብርኤል፦ ሽቦውንስ ማን ሳበው?

የፒያሳ ልጅ፦ በኛ ሰፈር ከሆነ ጎረቤት ነው የሚስበው

ጋሽ መኩ፦ ልጆች፣ እኔ የተማርኩት ድሮ ነው። አንዲት የእንግሊዝ አገር የእሳት እራት ነበረች። የፋብሪካ ጭስ ዛፉን ሲያጠቁረው እሷም ጠቆረች ተብሎ መጽሐፍ ላይ ፎቶዋ ነበር። በኋላ ሲጣራ ሞታ፣ ግንድ ላይ ተለጥፋ ነው አሉ የተነሳችው። ምስክር አንዴ ከዋሸ ሌላውን ቃሉን ማን ያምነዋል?

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ጋሽ መኩ፣ የፎቶው ነገር እውነትዎን ነው። በሞቱ እራቶች የተነሱ አሉ። ግን ፎቶው ለማሳያ ነው፣ ማስረጃው ቆጠራው ነው። ጥቁሯ ማንችስተር ላይ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። በ1895 እዛው ከተማ ከመቶ 98ቱ ጥቁር ሆኑ። የጭስ ሕግ ወጥቶ አየሩ ሲጠራ ደግሞ ነጣ ያለችው ተመለሰች። እርስዎ ባሉት ሐሜት የተናደደ ማይክል ማጄረስ የሚባል የካምብሪጅ ሰው ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረው። ስድስት ዓመት 4,864 እራት እየለቀቀ ወፍ የቷን እንደሚለቅም ሲመዘግብ ኖረ። በንጹሕ አየር ጥቁሯ በብዛት ትበላለች። ሰውዬው በ2009 ሞተ፣ ውጤቱን በ2012 ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ጥቁረቱን ያመጣው ለውጥም በ2016 ተገኝቷል። ከቦታ ቦታ የሚዘል ወደ 22,000 ፊደል የሚሆን የዲኤንኤ ቁራጭ ኮርቴክስ የሚባል ጂን ውስጥ ተሰክቶ ነው። መቼ እንደገባም አስልተውታል፣ 1819 አካባቢ።

ጋሽ መኩ፦ ቆጠራውን ተቀብያለሁ። ግን ነጯም እራት፣ ጥቁሯም እራት። ድንቢጥ አልሆነችም።

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ድንቢጥ ትሆናለች ያለ ማን አለ ጋሼ?

ደራራ ኮድ፦ ቲቸር ኮርቴክስ ላይ እርማት አለኝ። በ2024 የወጡ ሥራዎች ቀለሙን የሚወስነው ኮርቴክስ ራሱ እንዳልሆነ አሳይተዋል። እዛው ሰፈር ያለ፣ ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ ግልባጭ ነው። ብዙ ቢራቢሮዎች ላይ ያው ቦታ ነው።

እህተ ገብርኤል፦ አያችሁ! ስምንት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ማብሪያ ማጥፊያ ይዘው ነበር ማለት ነው። ነገ ደግሞ ይሄኛውም አይደለም ትሉናላችሁ።

ደራራ ኮድ፦ ክፍሉን አልሳቱም፣ ቁልፉን ነው የሳቱት። ያረማቸው ደግሞ ጳጳስ አይደለም፣ እነሱው ናቸው።

እህተ ገብርኤል፦ ጳጳስ እዚህ ምን ይሠራል? ስለ ክንፍ ነው የጠየቅኩህ። አፍህን ሰብስብ።

አድሚን፦ ሃይማኖት መንካት አይቻልም ተብሏል። ደራራ፣ ሁለተኛህ ነው።

ደራራ ኮድ፦ «ማን ገጠመው» የሚለው ጥያቄ ሃይማኖት አልነበረም እንዴ? እሷን ለምን ዝም አልክ?

የፒያሳ ልጅ፦ አቦ ተዉና። ዘይት ስንት ገባ ስንት በሚባልበት ጊዜ ቢራቢሮ? ክንፏ ቀይ ሆነ ጥቁር ምን ዳቦ ይሆነናል?

ሲስተር ጽጌ፦ እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። ሃያ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። «ሾተላይ አለብኝ» ብላ ሁለት ሦስት ልጅ ቀብራ የምትመጣ እናት አይቻለሁ። አያቶቻችን ክታብ ነበር የሚያስሩላት። ነገሩ የደም ነው። የእናትየዋ አርኤች ኔጋቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ይተርፋል፣ የሚከተለውን የእናቱ ደም ያጠቃዋል። ዛሬ መርፌ አለ፣ አንቲ ዲ። ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ከተወጋች የሚቀጥለው ልጅ ይተርፋል። እዚህ መርፌ ላይ የደረሱት እነማን መሰሉህ? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል የነበሩ ሐኪሞች ናቸው። አለቃቸው ሲሪል ክላርክ ሐኪም ሆኖ ትርፍ ሰዓቱን ቢራቢሮ ሲያዳቅል የሚውል ሰው ነበር። ፊሊፕ ሼፐርድ ከሚባል የጄኔቲክስ ሰው ጋር የክንፉ መልክ እንዴት እንደሚወረስ ሲያጠኑ፣ የአርኤች ደም አወራረስ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል ብለው ነው ወደ ሰው የዞሩት።

የፒያሳ ልጅ፦ እንደዛ ከሆነ ይቅርታ ሲስተር። ዳቦ ሳይሆን ልጅ ሆኗል።

እህተ ገብርኤል፦ እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፣ እህቴ በዚሁ መርፌ ነው የወለደችው። ግን ይሄ የኔን ጥያቄ አይመልስም።

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ሲስተር ካነሳችው አይቀር፣ ክላርክና ሼፐርድ ያዳቀሏት ፓፒሊዮ ዳርዳነስ እኛም አገር አለች። ወንዱ ቢጫና ጥቁር ነው፣ ክንፉ ከኋላ ጭራ አለው። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቷ እሱን ጭራሽ አትመስልም። ጭራ የላትም፣ የምትመስለውም ወፍ የማይነካቸውን መርዛማ ቢራቢሮዎች ነው። እዛው አንድ ጫካ ውስጥ እንኳ ብዙ ዓይነት ሴት ታገኛለህ። ይሄን ሁሉ የሚወስነው ኢንግሬልድ የሚባለው ጂን ያለበት አንድ ቦታ ነው። ማዳጋስካር ላይ ሴቶቹ እንደ ወንዱ ናቸው፣ አያስመስሉም። የኛዋ መሐል ላይ ናት። ብዙዎቹ ሴቶች ወንዱን ይመስላሉ።

ጋሽ መኩ፦ የኛዋ ማንንም አታስመስልም ማለት ነው። ጨዋ ናት።

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ የሚያስመስሉም አሉ ጋሼ። ግን አስመስለውም ጭራቸው አለ።

የፒያሳ ልጅ፦ እንግሊዝኛ እያወራ መሐል ላይ «እ…ንትን» እንደሚለው የሰፈሬ ልጅ በላ

ደራራ ኮድ፦ የኛዋ ስሟ አንቲኖሪ ነው። በአንድ ጣሊያናዊ ስም ተሰይማ።

ጋሽ መኩ፦ ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው? የኛ ቢራቢሮ በጣሊያን ስም?

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ሰውዬው ከዓድዋ በፊት የመጣ የእንስሳት ተመራማሪ ነው። ሸዋ ውስጥ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው የሞተው። ቦታውን የሰጧቸው ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ መኩ፦ ቢሰጡስ። መሬት ሰጡ እንጂ ቢራቢሮ ሰጡ?

ራሄል ቀበና፦ ክርክራችሁን እያነበብኩ በአራት ኪሎ ሳልፍ ኮሪደሩ ላይ ከተተከለው አበባ ይቺን አነሳኋት። ብርቱካንማ ናት፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ይቺ የቷ ናት?

ቲቸር ዘአራት ኪሎ፦ ጎበዝ! ይቺ ከሁለት አንዷ ናት። አንደኛዋ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት። ትሏ ወተት የሚወጣው መርዛም ቅጠል ስለሚበላ ወፍ አንዴ ከቀመሳት አይደግማትም። ሁለተኛዋ ሴቷ ሂፖሊምናስ ናት፣ መርዝ የላትም፣ ያቺን መስላ ነው የምትኖረው። ባሏ ጥቁር ነው፣ ክንፉ ላይ ትልልቅ ነጭ ክብ ያለው፣ ጎን ለጎን ቢቆሙ ዘመድ አይመስሉም። የኋላ ክንፏን እዪው። መሐሉ አካባቢ ሦስት ወይ አራት ጥቁር ነጥብ ካለ መርዛማዋ ናት። ላይኛው ጠርዝ ላይ አንድ ብቻ ካለ አስመሳይዋ ናት።

ደራራ ኮድ፦ አንድ ነው።

እህተ ገብርኤል፦ ሦስት ነው። አሳድገህ እየው።

ደራራ ኮድ፦ አሳድጌ ነው ያየሁት። ሁለቱ የአበባው ጥላ ናቸው።

ራሄል ቀበና፦ ተመልሼ ሄድኩ። አትክልተኛው ውኃ እያጠጣ ነው፣ የለችም።

እህተ ገብርኤል፦ ጥላ ክብ ይሆናል? ሦስት ነው።

ጋሽ መኩ፦ ቆዩ፣ መነጽሬን ላምጣ።